የሒሳብ አስጠኚ ሶፍትዌርና የመምህሩ ድርሻ

(በሐረር ከተማ፣ በአቦከር፣ በማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተመረጠልኝ አርእስት በኢንተርኔት አማካይነት ሒሳብን የሚያስጠና ሶፍትዌር ለተማሪዎቻችን ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም የሚመለከት ነው። አርእስቱ ለጆሮ አዲስ ይመስላል። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን እጅግ የቆየ ነው፤ ይኸውም አንድ መምህር በብዙ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ሳለ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ሊደርስለት የሚችለው በምን ዘዴ ነው? የሚል ነው።

ጉዳዩ የሒሳብ ስለሆነ በሒሳብ እንጀምር። በአንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪዎች አሉ፤ ክፍለ ጊዜውም 40 ደቂቃ ነው እንበል። 40 ደቂቃ 2400 ሴኮንድ ነው። መምህሩ ስም ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ሳይጠርግ፣ ለሁሉም በአንድነት ምንም ነገር ሳያስረዳ ጊዜውን በሙሉ ለተማሪዎቹ እኩል ቢያከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ብቻ ነው። በ40 ሴኮንድ ውስጥ አንድ ልጅ ክፍልፋይ መደመር ለምን እንዳቃተው መርምሮ ማወቅ አይቻልም። ይህን የምለው መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። የቱንም ያህል ትጉ ቢሆን የማያመልጠው የቁጥር እውነት መሆኑን ለማሳየት ነው።

አባቶቻችን ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውት እንደነበር ማስታወስ ይገባል። በዚህችው በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ለብዙ ዘመን የኖረውን የቁርኣን ትምህርት ቤት እንመልከት። ልጁ ትምህርቱን ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ደጋግሞ ያነበዋል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦም ይፈተናል። ሰሌዳው ታጥቦ አዲስ ትምህርት የሚጻፍበት የፊተኛው በሚገባ መያዙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በቤተ ክህነቱም ትምህርት ቤት ፊደል የሚቈጥረው ልጅ፣ ጓደኛዬ ዳዊት ጀምሯልና እኔም ልጀምር አይልም፤ የራሱን ደረጃ ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ከፍ ያለው ተማሪም ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። በሁለቱም ዘንድ ለትምህርቱ የሚወስደው ጊዜ ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ የሚፈለገው የዕውቀት መጠን ግን አንድ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ነገሩ ተገለበጠ። ጊዜው ለሁሉም እኩል ሆነ፤ የዕውቀቱ መጠን ግን ተለያየ። ምዕራፍ አምስትን ያልተረዳው ልጅ ምዕራፍ ስድስት አይጠብቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉም አንድ የታወቀ ጽሑፍ አቀረበ። ለብቻው አስጠኚ ተመድቦለት፣ አንዱን ትምህርት በሚገባ ሳይዝ ወደ ሌላው ሳይሻገር የተማረ መካከለኛ ተማሪ፣ በተለመደው ክፍል ውስጥ ከሚማሩት ከመቶው 98ቱን በልጦ እንደተገኘ ጻፈ። ከዚያም የጥናቱን ጥያቄ እንዲህ ሲል አስቀመጠ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አስጠኚ መቅጠር ለአብዛኛው ኅብረተሰብ ከአቅም በላይ ነው፤ ታዲያ ያንኑ ውጤት በአነስተኛ ወጪ እንዴት እናገኛለን? ከብሉም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያን ያህል ከፍተኛ ውጤት ባያገኙም፣ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበትም ሶፍትዌር ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ነው።

መሣሪያው ከትናንት ወዲያ የመጣ አይደለም። በኮምፒውተር ማስተማር እ.ኤ.አ. በ1960 ፕላቶ በሚል ስም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል። በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀው ካን አካዳሚም መነሻው ሰልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት የዘመዱን ልጅ ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስጠናቱ ነበር፤ ድርጅቱ በ2008 ተቋቋመ። አዲሱ ነገር መሣሪያው በተማሪው ኪስ ውስጥ ወዳለው ስልክ መግባቱ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ጥሩ አስጠኚ ሶፍትዌር ሦስት ሥራዎች አሉት። አንደኛ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን ወዲያው ያርማል። ልጁ ደብተሩ ታርሞ እስኪመለስለት ሳምንት አይጠብቅም፤ ስሕተቱ ገና ትኩስ ሳለ ይነገረዋል። ሁለተኛ መንገድ ሲጠፋው ፍንጭ ይሰጠዋል። ሦስተኛ የልጁን መልሶች መዝግቦ በየትኛው ርእስ እንደበረታ፣ በየትኛው እንደደከመ ይገምታል፤ ቀጥሎ የሚያቀርብለትንም ጥያቄ በዚያው መጠን ይመርጣል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ካላወቀ፣ በጓደኞቹ ፊት ሳያፍር ወደዚያ ወርዶ እንዲለማመድ ያደርገዋል። በአበው አነጋገር፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ነገር ግን ሶፍትዌር ሁሉ አንድ አይደለም። ከርት ቫንሌን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ያወጡት ውጤት ለመሣሪያ መራጩ ታላቅ መመሪያ ነው። አንድን መካከለኛ ተማሪ፣ ማለትም ከመቶው በ50ኛው ደረጃ ላይ የሚገኘውን እንውሰድ። ሰው አስጠኚ ወደ 79ኛው ገደማ ያወጣዋል። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እየተከታተለ የሚያርም ሶፍትዌር ወደ 78ኛው ገደማ ያደርሰዋል። የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይቶ ትክክል ወይም ስሕተት የሚለው ሶፍትዌር ግን ከ62ኛው አያልፍም። እንግዲህ ሥዕሉ ያማረ፣ ድምፁ የጣፈጠ መሆኑን ሳይሆን የልጁን አሠራር በደረጃው የሚከታተል መሆኑን መጠየቅ ይገባናል።

ስሕተት ለመምህር ትልቅ መረጃ ነውና። ልጁ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምሮ ሁለት አምስተኛ ቢል በዘፈቀደ አልገመተም፤ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሯል። ከ0.8 ይልቅ 0.35 ይበልጣል ቢል 35ን ከ8 ጋር አወዳድሯል። የ(ሀ + 3) ካሬ ሀ ካሬ ሲደመር 9 ነው ቢል ካሬን ለየብቻው አድሏል። እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ ከታወቀ መድኃኒቱም ይታወቃል። ሶፍትዌሩ የሚያቀርበው ሠንጠረዥ ከ60ው ተማሪ 35ቱ በአንድ ዓይነት ሕግ ሲሳሳቱ፣ 5ቱ ደግሞ በሌላ ሲሳሳቱ ለመምህሩ ቢያሳየው፣ ያ 40 ሴኮንድ በእጥፍ ድርብ ዋጋ ያገኛል። መምህሩ ማንን፣ በምን ጉዳይ እንደሚያነጋግር አውቆ ይገባልና።

አሁን ወደ ገዛ አገራችን ልምድ እንመለስ። በትምህርት መሣሪያ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ ከፊታችን ሦስት ትምህርቶች አሉ።

የመጀመሪያው ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መቀበል ጀመሩ። ዝግጅቱ በአብዛኛው በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብም ከትምህርቶቹ አንዱ ነበር። ዓላማው መልካም ነበር። ብቁ መምህር በሌለበት ወረዳ ያለው ልጅ አዲስ አበባ ካለው ልጅ ጋር እኩል ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ የተደረገ ነው። ጉድለቱ ግን በአሠራሩ ውስጥ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው አስተማሪ አይጠየቅም፤ አይቆምም፤ አይመለስም። ልጁ የመጀመሪያውን እኩልታ ገና ሲገለብጥ ሰሌዳው ተለውጦ ሦስተኛው ደርሷል። በክፍሉ ውስጥ የነበረውም መምህር አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ተመልካች ሆነ። ከዚህ የምንማረው መሣሪያ ትምህርትን ማድረስ ቢችልም ተማሪውን ካላዳመጠ አስጠኚ ሊባል እንደማይችል ነው።

ሁለተኛው ለልጆች የታደለው ኮምፒውተር ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ዓለም አቀፍ ዕቅድ በሺህ የሚቈጠሩ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ወደ አገራችን ገብተው ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ዕቅድ መሪዎች አሳብ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት ያለ መምህር ተሰጥቶ ምን እንደሚያደርጉበት ታይቷል። ልጆቹ መሣሪያውን ራሳቸው ከፍተው መጫወትና ፊደል መለየት መጀመራቸው በዓለም ዙሪያ ተወርቶላቸዋል። ልጅ ብልህ መሆኑ ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም። ፊደል ከመለየት እስከ እኩልታ መፍታት ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። ይኸው ዕቅድ በስፋት በተሠራበት በፔሩ፣ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት፣ ኮምፒውተሩ ከተሰጠ ከ15 ወራት በኋላ በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ እንዳልተገኘ አረጋግጧል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው። ዕቃው ጥምጥሙ እንጂ ትምህርቱ አይደለም።

ሦስተኛው የኮሮና ዘመን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከቤታቸው ዋሉ። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን፣ በከተማም በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞከረ። ስልክና ኢንተርኔት ያለው ልጅ ማስታወሻና መልመጃ ደረሰው፤ የሌለው ልጅ ዓመቱ አለፈበት። መሣሪያ በእኩልነት ካልተዳረሰ ያለውን ልዩነት እንደሚያሰፋ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

እነዚህ ሦስት ትምህርቶች መሣሪያውን እንድንተው የሚያዝዙ ናቸውን? አይደሉም። በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ ማይንድስፓርክ በተባለ ሶፍትዌር ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ሌላውን ገጽታ ያሳያል። በጥናቱ ውስጥ የገቡት 619 ተማሪዎች ከድኻ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። በመጀመሪያው ፈተና የስድስተኛ ክፍሉ መካከለኛ ተማሪ በሒሳብ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል፣ የዘጠነኛ ክፍሉ ደግሞ አራት ዓመት ተኩል ያህል ከክፍሉ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። እነዚህ ልጆች በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 90 ደቂቃ እንዲማሩ ተደረገ። 45ቱ ደቂቃ ከሶፍትዌሩ ጋር፣ 45ቱ ደቂቃ ግን በትናንሽ ቡድን ሆነው ከሰው ረዳት ጋር ነበር። ከአራት ወር ተኩል በኋላ የዕድሉ ባለቤቶች በሒሳብ ያሳዩት ብልጫ መካከለኛውን ተማሪ ከ50ኛው ወደ 64ኛው ደረጃ የሚያወጣ ሆነ። በፔሩና በዴልሂ መካከል ያለውን ልዩነት እናስተውል። በአንደኛው ዕቃው ተሰጠ፤ በሁለተኛው ግን የልጁን ደረጃ የሚያውቅ ሶፍትዌር፣ የተወሰነ ሰዓትና የሚረዳ ሰው በአንድነት ተሰጡ።

በቅርቡ የመጣ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም እንደ ሰው የሚያወራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በቱርክ አገር ወደ 1000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ጥናት ሊነገር ይገባዋል። የፈለጉትን ጠይቀው መልሱን በቀጥታ እንዲያገኙ የተፈቀደላቸው ልጆች በመልመጃው ጊዜ ውጤታቸው በ48 ከመቶ ጨመረ። መሣሪያው ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ከነጭራሹ መሣሪያውን ካላዩት ልጆች 17 ከመቶ ያነሰ ውጤት አገኙ። መልስ እንዳይሰጥ፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ሆኖ በመምህራን የተዘጋጀው መሣሪያ የተሰጣቸው ልጆች ግን ይህ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ስለዚህ የልጁን ሥራ የሚሠራለት መሣሪያ የልጁን ዕውቀት ይወስድበታል። ምርኩዝ የሰበረውን እግር ያሳርፋል፤ ጤነኛውን እግር ግን ያደክማል።

አሁን በተለይ እኛን ወደሚመለከተው፣ ማለትም ወደ ቋንቋ ልሻገር። አቦከር ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አንዱ ነው። በክልሉ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደየቤታቸው በሐረሪ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይጀምራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይማራሉ። አብዛኛው አስጠኚ ሶፍትዌር የሚናገረውም ይህንኑ ቋንቋ ነው። ከዚህ የሚመጣውን ችግር በምሳሌ ላሳይ።

በአማርኛ «ከሀ ላይ 5 ሲቀነስ» ስንል አስቀድመን የሚቀነስበትን፣ ቀጥለን የሚቀነሰውን እንጠራለን። በምልክትም ሀ − 5 ብለን በዚያው ቅደም ተከተል እንጽፈዋለን። አፋን ኦሮሞም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። እንግሊዝኛው ግን «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» ሲል የሚቀነሰውን ያስቀድማል። ቃል በቃል የሚከተለው ልጃችን 5 − ሀ ብሎ ይጽፋል። ሶፍትዌሩ መልሱን አይቶ ይህ ልጅ መቀነስ አያውቅም ይላል፤ የመቀነስ መልመጃም ያበዛበታል። ልጁ ግን መቀነስ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ያልያዘው የእንግሊዝኛውን አገባብ ነው። ልጁ ባልታመመበት ቦታ መታከሙ ነው።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። አውቶቡስ ከረፋዱ 11:30 ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ 2:15 ቢደርስ ስንት ጊዜ ፈጀ? የሚል ጥያቄ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀርባል። በእኛ አቆጣጠር ከ5:30 እስከ 8:15 ነው፤ መቀነሱም ቀላል ነው፤ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ሰዓትን እንደ አገሩ የሚቈጥር ልጅ ግን ቁጥሩ በቀትር ላይ ለምን ከ12 ወደ 1 እንደሚመለስ ግራ ቢገባው ሊደንቀን አይገባም። በዶላርና በሳንቲሙ፣ በጫማና በኢንች የቀረቡ ጥያቄዎችም ከዚሁ ይመደባሉ። ይህን ልዩነት ሠንጠረዡ አያሳይም። ማሽኑ መልሱ ስሕተት መሆኑን ያውቃል፤ ስሕተቱ የሒሳብ ይሁን የቋንቋ የሚለየው ግን የልጁን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ብቻ ነው። እንግዲህ መምህሩ ከዚህ ሥራ ሊወጣ የሚችልበት መንገድ የለም።

የመምህሩ ድርሻ በዚህ ብቻ አያበቃም። ሶፍትዌሩ ስለ ዙሪያና ስፋት ሲያስለምድ ልጁ አይቶት ስለማያውቀው የመዋኛ ገንዳ ይጠይቀዋል። መምህሩ ግን ጀጎልን ማንሣት ይችላል። በዩኔስኮ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2006 የሰፈረው የጀጎል ከተማ ስፋት 48 ሄክታር ነው፤ ግንቡም ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይዞራል። ልጆቹን እንጠይቅ፦ ግንቡ ፍጹም ክብ ሆኖ ልክ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢዞር ስንት ሄክታር ይይዝ ነበር? ራዲየሱ 477 ሜትር ተኩል ያህል፣ ስፋቱም 71 ሄክታር ተኩል ያህል ይሆናል። ታዲያ የቀረው 23 ሄክታር ተኩል ያህል ወዴት ሄደ? ልጁ ከዚህ ተነሥቶ እኩል ርዝመት ያለው አጥር እንደ ቅርጹ የተለያየ ስፋት እንደሚያቅፍ፣ ከሁሉም የበለጠውን የሚይዘው ክብ እንደሆነ ይደርስበታል። በየቀኑ በበሩ የሚወጣበትና የሚገባበት ግንብ የሒሳብ ጥያቄ ይሆንለታል። ይህን ጥያቄ ከባሕር ማዶ የተሠራ ሶፍትዌር ሊያመጣው አይችልም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፣ የሌላውን መሣሪያ በምናመሰግንበት ጊዜ የራሳችንን ጥያቄ መጻፍ አንርሳ።

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ኢንተርኔት አንድ ነገር ልበል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሳፋሪኮም አገልግሎቱን ከድሬዳዋ ጀምሮ መስጠቱ ለምሥራቁ ክፍል አማራጭ አስገኝቷል። ሆኖም የመረጃ ጥቅል ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ አሁንም ከባድ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። በዚህ ረገድ የሚጠቅመን ኮሊብሪን የመሰለ አሠራር ነው። ኮሊብሪ የካን አካዳሚን ትምህርቶችና መልመጃዎች በአንዲት አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በክፍሉ ውስጥ ላሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚያድል ነጻ ሶፍትዌር ነው። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ትምህርቱ ሲወርድ ብቻ ነው። ቪዲዮው ብዙ መረጃ ሲፈጅ፣ በጽሑፍ የቀረበው መልመጃ ግን እጅግ ጥቂት ይፈጃል። ዋናው ጥቅም ደግሞ ከመልመጃው እንጂ ከቪዲዮው አይደለም።

የቦታውንም ነገር እናስላ። አንድ ትምህርት ቤት 20 የሚሠሩ ኮምፒውተሮችና 500 ተማሪዎች አሉት፤ ክፍሉም በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ይከፈታል እንበል። 20 በ30 ሲባዛ 600 መቀመጫ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ጊዜ ይደርሰዋል፤ 100 መቀመጫም ይተርፋል። የዴልሂው ልጅ ግን ከሶፍትዌሩ ጋር ብቻ በሳምንት 270 ደቂቃ ተመድቦለት ነበር። የእኛ ከስድስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ሁለት ልጆችን አስቀምጦ ጊዜውን እጥፍ ማድረግና፣ የተረፈውን 200 መቀመጫ እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩት መመደብ ይሻላል። ሁለቱ ልጆች በመልሱ ሲከራከሩ የሚያገኙት ትምህርት ደግሞ ማሽኑ ከሚሰጣቸው አያንስም። እንደ ቀድሞው ትምህርት ቤት አንዱ ሌላውን ያስቀጽለዋል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 27,267፣ ማለትም 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። ፈተናው የሒሳብ ብቻ ባይሆንም ቁጥሩ የሚነግረን አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጠው የወጡት በመሠረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ሳይደፈን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፈተናው ከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ በመልመጃ ክፍል መዳፊት ይዞ የማያውቅ ልጅ ዕዳው ሁለት ይሆናል።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ ከክፍል ትምህርት ቀጥሎ ባለው የማጠናከሪያ ጊዜ እንጂ በመምህሩ ቦታ አይግባ። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው ያለበትን እውነተኛ ደረጃ እንለካ፤ ከዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያው ደረጃ እንጀምር። ሦስተኛ፣ ልጁ መፍትሔውን በደብተሩ ላይ በደረጃው ሳይጽፍ ቁልፍ እንዳይነካ እናድርግ፤ መምህሩም የሚያየው ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ደብተሩንም ይሁን። አራተኛ፣ በእንግሊዝኛ የሚቀርቡ የቃል ጥያቄዎች የሚያሳስቱባቸውን አነጋገሮች በሦስቱ ቋንቋዎች የሚያብራራ አነስተኛ መጽሐፍ የማኅበሩ አባላት ያዘጋጁ። አምስተኛ፣ በየወሩ የሥራውን ፍሬ የምንለካው ልጁ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ በማየት ሳይሆን፣ ያለ መሣሪያው በወረቀት ሲፈተን በሚያገኘው ውጤት ይሁን። ስድስተኛ፣ የልጆቹ የስሕተት መዝገብ የልጆቹ ገመና ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷልና፣ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ሳይታወቅ የአንድም ልጅ ስም ወደ ሶፍትዌሩ አይግባ።

ከእነዚህ ስድስቱ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው አንድም የለም። የሚጠይቁት የመምህሩን ጊዜና ጥንቃቄ ነው። ስለዚህም ይህን ሥራ የሚይዝ መምህር ጊዜው በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ ሊታሰብለት ይገባል። በትርፍ ሰዓቱ እንዲሠራው ከተተወ፣ መምህሩ እንደደከመ ኮምፒውተሩም አቧራ ለብሶ ይቀመጣል።

ሉሑን ያጠበው መምህር ልጁ ትምህርቱን መያዙን በጆሮው ሰምቶ ነበር። ዛሬ 60 ልጆች በአንድ ክፍል ሲቀመጡ መምህሩ ሁሉንም ለመስማት አይችልም። መሣሪያው የማይሰማውን እንዲሰማ ቢረዳው እሰየው፤ ከመስማት ቢያሰንፈው ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። ምርጫው የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ ነው።